የቶምካትን መግቢያ ከዳታቤዝ ጋር ማገናኘት፦ ደረጃ በደረጃ

በጃቫ የተሠራ የቢሮ ሲስተም አስረክባችሁ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይደወላል፦ «አዲስ ሠራተኛ ቀጥረናል፤ መግቢያ ይከፈትለት።» ተጠቃሚዎቹ ከቶምካት ጋር በሚመጣው የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ከሆነ የተመዘገቡት፣ ሰው በመጣና በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ፋይል ልታርሙ ነው። መውጫው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ወደ ዳታቤዝ ማዛወር፣ የማረጋገጡን ሥራ ደግሞ ለራሱ ለቶምካት መተው ነው።

ብዙ ፕሮግራመር ሁለተኛውን አይወድም፤ የመግቢያውን ሰርቭሌት በገዛ እጁ መጻፍ ይቀለዋል። በእጅ የተጻፈ መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይረሳል፦ ሰውየው ከገባ በኋላ የሴሽኑን መለያ ቁጥር መቀየር፣ የይለፍ ቃል በግምት የሚሞክርን ሰው ማገድ፣ እና ከገጾቹ መካከል አንዷን መጠበቅ። ቶምካት የመጀመሪያውን ሳትጠይቁት ያደርገዋል፤ የቀሩት በጥቂት መስመር ይስተካከላሉ። በአንጻሩ በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ፣ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚል አገልግሎት ወይም በጉግል አካውንት መግባት ከተፈለገ ይህ መንገድ ይጠባችኋል፤ ያን ጊዜ ስፕሪንግ ሴኩሪቲን ማየት ይሻላል።

የሚያስፈልጉን ቶምካት 9 ወይም ከዚያ በላይ፣ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል፣ እንዲሁም ሰርቨሩን አጥፍቶ የማስነሳት ፈቃድ ናቸው። ለምሳሌ የምወስደው ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ብቻ የሚገቡበትን የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ነው። የታጎችንና የቅንብሮችን ስም እዚህ የምጽፈው እንደ አነባበቡ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል፣ ትልቅና ትንሹ ፊደል ተጠብቆ፣ በቶምካት ሰነድ ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በዚህ ሥራ አራት ቦታዎች ይነጋገራሉ፦ ሰንጠረዡ፣ ኮኔክሽን ፑሉ፣ ሪልሙ እና ዌብ-ኤክስኤምኤል ፋይሉ። ችግር የሚመጣው በአብዛኛው አንዱ ቦታ የጻፋችሁት ስም ከሌላው ጋር በአንድ ፊደል ሲለያይ ነው። ስለዚህ አንዱን ደረጃ ሳትፈትሹ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ ሁሉንም ባንዴ ጽፎ «አልሠራም» ያለ ሰው የቱ እንዳልሠራ ሲፈልግ ይመሻል።

1. ሰንጠረዦቹን አዘጋጁ

ቶምካት ዳታቤዙን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የዚህ ሰው የይለፍ ቃል ምንድን ነው? ሚናውስ? ለመጀመሪያው መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የያዘ የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ፣ ለሁለተኛው መግቢያ ስምና ሚና የያዘ ሌላ ሰንጠረዥ ይበቃል። ሁለት ሚና ያለው ሰው በሁለተኛው ሰንጠረዥ ሁለት ረድፍ ይኖረዋል።

እዚህ የብዙ ሰው እግር የሚያዝበት ቦታ አለ። የመግቢያ ስሙ ዓምድ በሁለቱም ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት መጠሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ቶምካት ለዚህ የሚቀበለው አንድ ስም ብቻ ነውና። ሰንጠረዦቹን በመለያ ቁጥር ማያያዝ የለመደ ሰው ይህ አይዋጥለትም። ነባሩ ዳታቤዝ በቁጥር የተያያዘ ከሆነ አታፍርሱት፤ ቶምካት የሚፈልገውን ቅርጽ የሚያሳዩ ሁለት ቪዎች ፍጠሩና እነሱን አንብብ በሉት። ቪው ሌላም ጥቅም አለው፦ ሥራ የለቀቁትን የሚያስቀር ሁኔታ ካስገባችሁበት፣ የሰውየውን ታሪክ ሳትሰርዙ መግቢያውን መዝጋት ትችላላችሁ።

የይለፍ ቃሉን ዓምድ 255 ፊደል አድርጉት። ምክንያቱን አምስተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

መግቢያ ስሙ በአማርኛ ይሁን ወይ? ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት። የስሙ ባለቤት ስትመዘገብ በየትኛው «ሐ» እንደተጻፈች ከወር በኋላ አታስታውስም፤ የመዘገባት ሰውም እንዲሁ። የመሥሪያ ቤቱን የሠራተኛ ቁጥር ወይም በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ለመግቢያ አድርጉ፤ ሙሉ ስሙን በአማርኛ በራሱ ዓምድ አስቀምጡና ስክሪኑ ላይ እሱን አሳዩ። ፖስትግሬስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን እንደሚለይ፣ ማይኤስኪውኤል ግን በተለመደው ቅንብሩ እንደማይለይም አትርሱ።

2. የተወሰነ ፈቃድ ያለው የዳታቤዝ ተጠቃሚ እና ድራይቨሩ

ለቶምካት መግቢያ ብቻ የሚያገለግል የዳታቤዝ ተጠቃሚ ክፈቱ፤ ሁለቱን ሰንጠረዦች ከማንበብ ሌላ ፈቃድ አይኑረው። በዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ ስም ማገናኘት የተለመደ ስንፍና ነው፤ ያ የይለፍ ቃል አንድ ቀን ከወጣ ዳታቤዙ በሙሉ ይወጣል። ፈቃዱን ለመፈተሽ በዚሁ ተጠቃሚ ስም ዳታቤዙ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ረድፍ ለመሰረዝ ሞክሩ፤ ሊከለክላችሁ ይገባል።

የጄዲቢሲ ድራይቨሩን ጃር ፋይል በቶምካት የራሱ ሊብ ፎልደር ውስጥ አኑሩ እንጂ በፕሮጀክቱ ዌብ-ኢንፍ ሥር አታድርጉት። ግንኙነቱን የሚከፍተው ፕሮጀክታችሁ ሳይሆን ቶምካት ነው፤ ከፕሮጀክቱ ውስጥ ያለውን ጃር ደግሞ ቶምካት አያየውም። ሁለቱም ቦታ ማስቀመጥም አይጠቅምም፤ አንደኛው ስሪት ሲታደስ ሌላው ይረሳል።

3. ኮኔክሽን ፑሉን ክፈቱ

በኮንቴክስት ፋይሉ ውስጥ «ሪሶርስ» የሚለውን ታግ ጻፉና ስም ስጡት፤ ልማዱ በ«ጄዲቢሲ»ና በእዝባር ጀምሮ የፈለጋችሁትን ስም ማስከተል ነው። ዓይነቱ ዳታሶርስ ይሆናል። ከዚያ የድራይቨሩን ክላስ፣ የዳታቤዙን አድራሻ፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ። በተለመደው አሠራር ፖስትግሬስ በፖርት 5432፣ ማይኤስኪውኤል በ3306 ይገኛሉ።

ፋይሉ የት ይቀመጥ? በሜታ-ኢንፍ ውስጥ ማድረግ ይቀላል፤ ግን ዋር ፋይሉ የደረሰው ሁሉ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ያነባል። በቶምካት ኮንፍ ፎልደር፣ ካታሊና በሚለው ውስጥ፣ ሎካልሆስት በሚለው ሥር በፕሮጀክቱ ስም የተሰየመ የኤክስኤምኤል ፋይል አድርጉት፤ የማንበብ ፈቃዱም ቶምካት ለሚሠራበት የሲስተም ተጠቃሚ ብቻ ይሁን። ሁለቱም ቦታ ፋይል ካለ የሚሠራው የኮንፉ ነው። «አርሜው ነበር፤ ለውጡ ግን አይታይም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሌላውን ቅጂ በማረም ነው።

ሁለት ቁጥር ሳትወስኑ አትለፉ። ነባሪው የግንኙነት ጣሪያ 8 ነው፤ ለትንሽ ቢሮ ይበቃል። ነፃ ግንኙነት ሲጠፋ የሚጠበቅበት ጊዜ ግን በነባሪው ገደብ የለውም፤ ተጠቃሚው ነጭ ገጽ እያየ ይቀመጣል። 10,000 ሚሊሰከንድ ብላችሁ ገድቡት። ከኢንተርኔት የተቀዳ አሮጌ ቅንብር «ማክስ አክቲቭ» እና «ማክስ ዌት» ይላል፤ ዛሬ ስማቸው «ማክስ ቶታል» እና «ማክስ ዌት ሚሊስ» ነው።

ፑሉ ግንኙነትን ከማዋሱ በፊት በሕይወት መኖሩን ይፈትሻል። ለፍጥነት ብላችሁ ይህን አታጥፉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዳታቤዙ እንደገና ይነሣል፤ ቶምካት በጄኔሬተር ወይም በዩፒኤስ ሳይጠፋ ከቆየ የያዛቸው ግንኙነቶች ሞተዋል፤ ፍተሻው ከሌለ ጠዋት የመጀመሪያው ሠራተኛ መግባት ያቅተዋል።

4. ሪልሙን ጻፉ፣ በመቆለፊያም ክበቡት

ሪልም ለቶምካት «ተጠቃሚዎቹን ከዚህ ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ነው። የምንፈልገው «ዳታሶርስ ሪልም» የተባለውን ነው። «ጄዲቢሲ ሪልም» የሚሉ አሮጌ ማስተማሪያዎችን እለፏቸው፤ ከቶምካት 10 ጀምሮ የለም።

የምትሞሉት የሚከተለውን ነው፦ የፑሉ ስም፣ የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ፣ የመግቢያ ስሙ ዓምድ፣ የይለፍ ቃሉ ዓምድ፣ የሚናዎች ሰንጠረዥ፣ የሚናው ዓምድ። እነዚህን ከመጀመሪያው ደረጃ ቅዱ፤ ከትዝታ አትጻፉ። በተጨማሪ «ሎካል ዳታሶርስ» የሚለውን «ትሩ» በሉት። ፑሉን ኮንቴክስት ውስጥ ስለከፈትነው፣ ይህ ካልተጻፈ ቶምካት የሚፈልገው ለሰርቨሩ በሙሉ ከተከፈቱት መካከል ነው፤ ያጣዋል፤ ሎጉ ላይ ስሙ አልተገኘም ይላል።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያፈርሰው ጥበቃ አለ። ከቶምካት ጋር የሚመጣው ሰርቨር-ኤክስኤምኤል ውስጥ «ሎክአውት ሪልም» የተባለ መቆለፊያ ተገጥሟል። እናንተ ኮንቴክስቱ ውስጥ የራሳችሁን ሪልም ስትጽፉ ግን ለዚያ ፕሮጀክት የሚሠራው የእናንተው ይሆናል፤ መቆለፊያው ሥራ አቆመ ማለት ነው። ስለዚህ በውጭ ሎክአውት ሪልም፣ በውስጡ ዳታሶርስ ሪልም አድርጋችሁ ጻፉ። ነባሪው ልክ 5 ጊዜ የተሳሳተን ስም ለ300 ሰከንድ ያግዳል፤ በእገዳው ጊዜ ደግሞ ከተሳሳተ ቆጠራው ከአዲስ ይጀምራል። ሠራተኛው «ትክክለኛውን እያስገባሁ እንቢ አለኝ» ካለ፣ አምስት ደቂቃ ሳይነካ እንዲቆይ ንገሩት። የሚቆለፈው ስሙ እንጂ ኮምፒውተሩ ስላልሆነ ተንኮለኛ ሰው ሆን ብሎ የሌላውን ስም ሊያስቆልፍ ይችላል፤ ለዚህ ነው ገደቡን በሰዓታት አታድርጉት የምለው።

5. የይለፍ ቃሉን እንዴት እንደምታስቀምጡ ወስኑ

ከዚህ በፊት ከተባለው አብዛኛው ቢበላሽ ሲስተሙ አይሠራም፤ ታዩታላችሁ። ይህኛው ሲበላሽ ግን ሲስተሙ ደኅና ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ዳታቤዙ የተሰረቀ ቀን ነው። ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

የይለፍ ቃሉን የሚያወዳድረውን ክፍል፣ ክሬደንሻል ሃንድለርን፣ ካልጻፋችሁ ቶምካት የይለፍ ቃሉን እንዳለ፣ በግልጽ ጽሑፍ ያወዳድራል። ሁለት አማራጭ አለ። «ሜሴጅ ዳይጀስት» የተባለው ኤምዲ5ንና የሻ ቤተሰብን ይጠቀማል፤ ነባሪው ዙር 1 ብቻ ነው፤ በዚህ መልክ የተቀመጠ የይለፍ ቃል በዛሬ ኮምፒውተር በቀላሉ ይገመታል። «ሴክሬት ኪ» የተባለውን ምረጡ። እሱ ፒቢኬዲኤፍ2 የተባለውን ስልት ይጠቀማል፤ ሆን ብሎ ዘገምተኛ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በዘፈቀደ የሚፈጠር የተለየ ሶልት ስለሚጨምርም ሁለት ሰዎች አንድ የይለፍ ቃል ቢኖራቸው እንኳ በሰንጠረዡ ላይ አይመሳሰሉም።

ነባሪው ቅንብሩ ሻ-1፣ 20,000 ዙር እና 160 ቢት ቁልፍ ነው፤ ይህን ከፍ አድርጉት። አልጎሪዝሙን ወደ ሻ-512 ቀይሩ፤ ቁልፉን 256 ቢት፣ ዙሩን 210,000 በሉት። ለሻ-512 ከ200,000 በላይ ዙር ኦዋስፕም የሚመክረው ነው። የተቀመጠው ጽሑፍ ሦስት ክፍል ይኖረዋል፦ ሶልቱ፣ የዙሩ ቁጥር፣ ውጤቱ፤ በመካከላቸው የዶላር ምልክት። በ32 ባይት ሶልት ስታሰሉት 64 ፊደል፣ 6 አኃዝ፣ 64 ፊደልና ሁለት ምልክት፣ በድምሩ 136 ይሆናል። ዓምዱን 255 ያልነው ለዚህ ነው። 50 ፊደል የሰጠ ሰው በፖስትግሬስ ስህተት ይነገረዋል፤ ጥብቅ ቅንብሩ በጠፋበት ማይኤስኪውኤል ግን ጽሑፉ ተቆርጦ ይገባል፤ ከዚያ ማንም አይገባም።

ሃንድለሩ የሚጻፈው በዳታሶርስ ሪልሙ ውስጥ ነው፤ በውጭው መቆለፊያ ላይ አይደለም።

የመጀመሪያውን ተጠቃሚ ለመፍጠር በቶምካት ቢን ፎልደር ውስጥ ያለውን «ዳይጀስት» የተባለ ስክሪፕት ተጠቀሙ። የሃንድለሩን ክላስ፣ አልጎሪዝሙን፣ ዙሩን፣ የሶልቱንና የቁልፉን ርዝመት ልክ ሪልሙ ላይ እንዳደረጋችሁት ስጡት። የይለፍ ቃሉን፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የተመሰጠረውን ያወጣል፤ ወደ ሰንጠረዡ የሚገባው ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ብቻ ነው። በዶላር ምልክት የተነሣ ጽሑፉን በተርሚናል ትእዛዝ ውስጥ በድርብ ጥቅስ ካስገባችሁት ሼሉ ከፊሉን ይበላዋል፤ በነጠላ ጥቅስ አድርጉት። ትእዛዙ በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀርም እውነተኛውን የይለፍ ቃል ሳይሆን ጊዜያዊ ቃል ተጠቀሙ። የእናንተው የመመዝገቢያ ገጽም ያንኑ ቅርጽ በዚያው አልጎሪዝም ማውጣት አለበት።

የዙሩ ቁጥር ከእያንዳንዱ ረድፍ ጋር ስለሚቀመጥ ወደፊት ብታሳድጉት የድሮዎቹ መግባታቸውን አያቆሙም። አልጎሪዝሙ ግን አብሮ አይቀመጥም፤ ድንገት ከቀየራችሁት ሁሉም ሰው ውጭ ይቀራል። በኤምዲ5 የተቀመጠ ነባር ዝርዝር ከወረሳችሁ «ኔስትድ» የተባለው ሃንድለር አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ይይዝላችኋል፤ ሰዎቹ የይለፍ ቃላቸውን ቀይረው እስኪጨርሱ።

6. የሚጠበቁትን ገጾች በዌብ-ኤክስኤምኤል ንገሩ

ለእያንዳንዱ የሚጠበቅ ክፍል የአድራሻውን ንድፍና የሚፈቀድለትን ሚና ጻፉ። ሚናዎቹን በመጨረሻ ለየብቻ ማወጅ አትርሱ። የሚናው ስም ከሰንጠረዡ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ ከኋላው ባዶ ቦታ እንኳ አይኑር።

የኤችቲቲፒ ዘዴዎችን አትዘርዝሩ። «ጌት» እና «ፖስት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጥበቃው ለሁለቱ ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ ዘዴዎች ያለ መግቢያ ያልፋሉ። ምንም ካልተጻፈ ሁሉም ይጠበቃል። የመግቢያውን ዓይነት «ፎርም» አድርጉና የመግቢያውንና የስህተቱን ገጽ አድራሻ ስጡ።

7. የመግቢያ ገጹ

ፎርሙ በፖስት ይላካል፤ መድረሻው «ጄ ሴኩሪቲ ቼክ»፣ ሳጥኖቹ «ጄ ዩዘርኔም» እና «ጄ ፓስወርድ» ይባላሉ፤ ቃላቱ በግርጌ ሰረዝ ይያያዛሉ። እነዚህን መቀየር አይቻልም።

ሲስተሙን በሙሉ የሚጠብቅ ንድፍ ከጻፋችሁ የመግቢያ ገጹ ማስዋቢያ ፋይልና ሎጎም አብረው ይቆለፋሉ። ገጹ እርቃኑን ይመጣል፤ ይባስ ብሎ ሰውየው ሲገባ ዋናው ገጽ በመከፈት ፈንታ የሲኤስኤስ ኮድ ይታየዋል። ቶምካት ሰውየውን የሚመልሰው መጨረሻ ወደተከለከለው ጥያቄ ነውና። ለማስዋቢያዎቹ የተለየ ፎልደር ስጡና ሚና የማይጠይቅ ሌላ ደንብ ጻፉለት።

የመግቢያ ገጹን አድራሻ በቀጥታ ወይም ከቡክማርክ የከፈተ ሰው ትክክለኛውን ቃል አስገብቶ እንኳ 400 ስህተት ያገኛል፤ ገጹን ከፍቶ ቡና ሊጠጣ የወጣ ደግሞ 408። ለሁለቱም መድኃኒቱ ኮንቴክስቱ ውስጥ የ«ፎርም ኦተንቲኬተር» ቫልቭ ጽፎ «ላንዲንግ ፔጅ» የሚለውን ወደ ዋናው ገጽ ማመልከት ነው። እዚያው ቫልቭ ላይ «ካራክተር ኢንኮዲንግ» የሚለውን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ምክሬን ሳትሰሙ መግቢያ ስሙን በአማርኛ ካደረጋችሁ፣ ወይም ሰው የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ቢጽፍ፣ ያለዚህ መስመር ፊደሉ ተበላሽቶ ሊደርስ ይችላል።

8. ኤችቲቲፒኤስ

ያለ ኤችቲቲፒኤስ አምስተኛው ደረጃ ከንቱ ነው፤ የይለፍ ቃሉ በቢሮው ዋይፋይ ላይ በግልጽ ይሄዳል። በዌብ-ኤክስኤምኤል የትራንስፖርት ዋስትናውን «ኮንፊደንሻል» በሉት። ከፊት ኤንጂንኤክስ ካለና ኤችቲቲፒኤሱን እሱ የሚፈታው ከሆነ፣ ቶምካት ጥያቄው ባልተመሰጠረ መንገድ የመጣ ይመስለውና መላልሶ ያዛውራል፤ ብራውዘሩ ማለቂያ የሌለው መዞር ውስጥ ይገባል። «ሪሞት አይፒ» የተባለው ቫልቭ ይህን ይፈታል፤ ኤንጂንኤክሱም የመጀመሪያውን ፕሮቶኮል በሄደር እንዲያስተላልፍ አድርጉ።

9. ፈትሹ

ትክክለኛ ቃል፣ የተሳሳተ ቃል፣ ሚና የሌለው ሰው፣ ስድስት ተከታታይ ስህተት፤ አራቱንም ሞክሩ። 404 ካያችሁ የመግቢያው ዓይነት ፎርም መሆኑ አልተነገረም። ገብታችሁ 403 ካያችሁ የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ሚናው ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው የስህተቱ ገጽ ነው። ዳታቤዙ ሲጠፋም ሆነ የዓምዱ ስም ሲሳሳት ቶምካት የሚያሳየው ያንኑ «የይለፍ ቃል ተሳስቷል» ብላችሁ ያዘጋጃችሁትን ገጽ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን «መግባት አልተቻለም» በሉት፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ ካለ የሰዎቹን የይለፍ ቃል ከመቀየራችሁ በፊት ዳታቤዙን እዩ። ምክንያቱን ለማግኘት በሎጊንግ ቅንብሩ የሪልሙንና የኦተንቲኬተሩን ደረጃ ወደ «ኦል» ከፍ አድርጉ፤ ስትጨርሱ መልሱት፤ ዲስክ ይሞላል።

10. ሰው ሲለቅ

ረድፉን መሰረዝ አሁን የገባውን ሰው አያስወጣም። ሚናው ሲገባ አንድ ጊዜ ተነብቦ ከሴሽኑ ጋር ይቆያል፤ ሴሽኑ የሚዘጋው ደግሞ ሰውየው ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይነካ ሲቀር ነው፤ እየሠራ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ገንዘብ ያዡ ቁልፍ አስረክቦ ሲወጣ መጀመሪያ ረድፉን ዝጉ፤ ቀጥሎ በቶምካት ማናጀር ገጽ ላይ ሴሽኑን አቋርጡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት በመካከሉ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።